የአያት ቀሚስ

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አንዲት ልጅ በሴት አያቷ ቀሚስ ቅድ አዲስ ቀሚስ እንዲሰፋላት ብትሻ፣ ልብስ ሰፊው ሁለት መንገድ አለው። አንዳንዱ አሮጌውን ቀሚስ ይፈታና ቁራጮቹን በአዲሱ ሸማ ላይ አንጥፎ ይቆርጣል። ሥራው ይፈጥናል፤ ነገር ግን አይመሰገንም፤ በእጥበት ብዛት የሳሳ ሸማ ዳግመኛ መርፌ አይችልምና። ቀሚሱን ሳይፈቱ በወረቀት ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በእርሳስ ማስመር፣ ለስፌትም ጥቂት ትርፍ መተው ይሻላል።

ይህም ቢሆን ወረቀቱ የሚያውቀው የአያቲቱን ትከሻ ነው። ኤቤኔዘር ባተሪክ የሚባለው አሜሪካዊ ልብስ ሰፊ እንኳ በ1863 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወረቀት ቅድ መሸጥ ሲጀምር በልዩ ልዩ ልክ አዘጋጅቶ ነበር። ስለዚህ የልጅቱ ትከሻ፣ ደረትና ክንድ ይለካ፤ ቅዱም አስቀድሞ በአቡጀዲ ተቆርጦ ይወስወስ፤ ልጅቱም ለብሳው እጇን ወደ ላይ ታንሣ፤ ብብቱ ቢይዛት ያን ጊዜ ይታረማል። ለአቡጀዲ የሚወጣው ገንዘብ ከንቱ ነው የሚሉ አሉ፤ ሸማኔ እግሩን በጉድጓድ አድርጎ ስንት ቀን እንደሚደክም ግን አላሰቡም።

ቀሚሱ ቢረዝምባትም ከታች አይቆረጥ። ጥለቱ ከሸማው ጋር አብሮ የተሸመነ ነውና፣ ትርፉ ከወገቡ በኩል ይነሣል።