የስልካችንን ሰፈር ማን ይጠብቀው? ያልተማከሉ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ለጋምቤላ ያላቸው ትምህርት

በጋምቤላ ክልል አንድ ወሬ ከስልክ ወደ ገበያ፣ ከገበያም ወደ ቀበሌ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። «ከብት ተነዳ»፣ «በመንገድ ላይ ሰው ተገደለ» የሚል አጭር ጽሑፍ ወይም የድምፅ መልእክት በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር አርሶ አደሩ ማሳውን፣ አርብቶ አደሩ የግጦሽ ቦታውን፣ ነጋዴውም ሱቁን ትቶ ሊሸሽ ይችላል። መልእክቱ እውነት ከሆነ ሕይወት ያድናል። ሐሰት ከሆነ ግን ያልነበረ ግጭት ሊወልድ ይችላል። ሁለቱን የመለየት ኃላፊነት የማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ እስከ አሁን ሁለት መልሶች ሲሰጡ ቆይተዋል። የመጀመሪያው «ኩባንያው ይቆጣጠር» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ሕግ ይቅጣ» የሚል ነው። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ብዙውን ጊዜ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ይደርሳሉ።

የኩባንያው ነገር በአገራችን በአሳዛኝ ሁኔታ ታይቷል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ተገድለዋል። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ በመሠረቱት ክስ፣ ከግድያው አስቀድሞ የአባታቸውን ማንነትና መኖሪያ የሚያጋልጡ ጽሑፎች በፌስቡክ መሠራጨታቸውን፣ እንዲነሱ ደጋግመው ቢያመለክቱም በጊዜው ምላሽ አለማግኘታቸውን ገልጸዋል። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገንም እ.ኤ.አ. በ2021 ለእንግሊዝ ፓርላማ በሰጡት ቃል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት 6 ዋና ዋና ቋንቋዎች የኩባንያው የደኅንነት ሥርዓት የሚደግፈው 2ቱን ብቻ መሆኑን ተናግረዋል። ታላላቆቹ ቋንቋዎች እንዲህ ከተጓደሉ፣ በኑዌር፣ በአኙዋክ፣ በመዠንግ፣ በኦፖና በኮሞ ቋንቋዎች የሚተላለፍ መልእክት ከሩቅ በተቀመጠ ኩባንያ በወቅቱ ይመረመራል ብሎ መጠበቅ ያዳግታል።

ሕጉም አለ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይሆናል። ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተሠራጨ ደግሞ እስከ 3 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ኩባንያዎችም ጥቆማ ከደረሳቸው በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ይዘት ማንሳት እንዳለባቸው ተደንግጓል። ይሁን እንጂ 24 ሰዓት ለወሬ ረጅም ዕድሜ ነው፤ ማለዳ የተላከ መልእክት ከምሽቱ በፊት መንደር ሊያፈናቅል ይችላልና።

በእነዚህ ሁለት መልሶች መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ። ያልተማከሉ የሚባሉት ማኅበራዊ ሚዲያዎች የቆሙት በዚህ መንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው ማስቶዶን ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ማስቶዶን እንደ ፌስቡክ በአንድ ባለቤት እጅ ያለ አይደለም። እርስ በርስ የሚነጋገሩ ብዙ ሰርቨሮች አሉት፤ እያንዳንዱም የራሱ አስተዳዳሪና የራሱ ደንብ አለው። አንዱ ሰርቨር የጥላቻ መፈንጫ ሲሆን ሌሎቹ ግንኙነታቸውን ማቋረጥ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በጽንፈኛ ይዘት የሚታወቀው ጋብ የተባለ መድረክ ወደዚህ መረብ ሲገባ፣ ብዙ ሰርቨሮች በየራሳቸው ውሳኔ በር ዘግተውበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ለሕዝብ ክፍት የሆነው ብሉስካይ ደግሞ ተጠቃሚዎች ራሳቸው የማጣሪያ አገልግሎት እንዲሠሩ ይፈቅዳል። አንድ ማኅበረሰብ በሐሰተኛ ወይም በጥላቻ መልእክት ላይ ምልክት ይለጥፋል፤ ያንን ምልክት የሚያምን ሰው መልእክቱ እንዲደበቅለት ወይም ማስጠንቀቂያ እንዲታይለት መምረጥ ይችላል።

ይህ አሠራር ለአርሶ አደር እንግዳ አይደለም። የበቆሎና የማሽላ ማሳ የሚጠበቀው ከአዲስ አበባ በሚላክ ዘበኛ ሳይሆን ማማ ላይ በሚወጣ የሰፈር ሰው ነው። ጠባቂው የትኛው ድምፅ የወፍ፣ የትኛው የዝንጀሮ፣ የትኛው የጎረቤት መሆኑን ያውቃል። ለሩቅ ሰው ሁሉም ኮሽታ አንድ ነው።

ማስቶዶንና ብሉስካይ ለጋምቤላ ነዋሪ ሩቅ ቢመስሉ፣ የኬንያዋ የታና ወንዝ አካባቢ ታሪክ ግን ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 ወንዙን ተከትለው በሚያርሱት ፖኮሞዎችና በከብት አርቢዎቹ ኦርማዎች መካከል በተነሣ ግጭት ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ሴንቲኔል ፕሮጀክት የተባለ ድርጅት «ኡና ሃኪካ» የሚል አገልግሎት አቋቋመ፤ በስዋሂሊ «እርግጠኛ ነህን?» ማለት ነው። ወሬ የሰማ ሰው በአጭር የስልክ መልእክት፣ በጥሪ ወይም በመንደሩ ለተመደበ በጎ ፈቃደኛ ያሳውቃል። ወሬው በአካባቢው ሰዎች ይጣራል፤ ውጤቱም ለጠያቂውና ለአካባቢው ይመለሳል። አገልግሎቱ ውድ ስልክ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በሁለቱም ወገን የሚታመን ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ደኅንነት ማለት መልእክትን ማጥፋት ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ድንበር ተሻግረው የመጡ ታጣቂዎች በክልላችን ባደረሱት ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ ከ100 በላይ ሕፃናት ታፍነው ተወስደዋል፤ ከ2,000 በላይ ከብትም ተነድቷል። በእንዲህ ያለ ቀን «አስፈሪ ነው» ተብሎ የሚሰረዝ ማስጠንቀቂያ የሰው ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ የጥሩ ጠባቂ መለኪያው ምን ያህል መልእክት ሰረዘ የሚለው አይደለም፤ እውነቱን ከሐሰቱ ምን ያህል ፈጥኖ ለየ የሚለው ነው።

ሦስተኛው መንገድም የራሱ አደጋ አለው። ማማው በአንድ ወገን ሰው ብቻ ከተያዘ ለሌላው ወገን ጠባቂ መሆኑ ይቀርና ወንጭፍ ይሆናል። በስህተት ወይም በቂም ስሙ «አጥፊዎች» በሚል ዝርዝር ውስጥ የገባ ሰው፣ ያንን ዝርዝር በተቀበሉ ሁሉ ዘንድ በአንድ ጊዜ ይዘጋበታል፤ አቤት የሚልበት ቦታ ከሌለ ደግሞ ጥበቃው ራሱ በደል ይሆናል። በጎ ፈቃደኛ አስተዳዳሪዎችም ያለ ክፍያ ሌት ተቀን ጥላቻ ሲያነቡ ይደክማሉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 307,096 ነዋሪ በነበረው፣ ዛሬ ከ300,000 በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን በሚያስተናግደው ክልላችን ውስጥ «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ማንን እንደሚያካትት አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ታዲያ ምን ማድረግ ይቻላል? ወደ አዲስ መድረክ መሰደድ ግድ አይደለም። ቴሌግራም በአንድ ኩባንያ እጅ ያለ ቢሆንም ግሩፖቹን የሚያስተዳድሩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። የቀበሌ፣ የነጋዴዎች፣ የወጣቶችና የአርሶ አደር ማኅበራት ግሩፖች ካልተማከሉት መድረኮች ልምድ መውሰድ ይችላሉ።

አንደኛ፣ ግሩፑ አጭር ደንብ ይኑረው፤ ደንቡም በአባላቱ ቋንቋዎች ሁሉ ይጻፍ፣ ማንበብ ለማይችሉትም በድምፅ ይነገር። ስለ ጥቃት የሚላክ መልእክት ሁሉ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስ፦ ማን አየ? የት? መቼ?

ሁለተኛ፣ አስተዳዳሪው አንድ ሰው አይሁን። በግሩፑ ከሚነገሩት ቋንቋዎች የእያንዳንዱ ተናጋሪ የሆነ አስተዳዳሪ ይኑር። በድምፅ የተላከውን መልእክት ስድብ ነው ወይስ ማስጠንቀቂያ ብሎ ሊፈርድ የሚችለው ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነውና። አባል ሲባረርም ቢያንስ ሁለት አስተዳዳሪዎች ይስማሙ፤ የተባረረውም ምክንያቱን ይወቅና አቤቱታ ማቅረብ ይችል።

ሦስተኛ፣ ያልተጣራ ወሬ ሲመጣ አስተዳዳሪዎች ወደ ቦታው ወደሚኖር የታመነ ሰው፣ ወደ አገር ሽማግሌና ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይደውሉ። ውጤቱም ወሬው በተሠራጨበት በዚያው ግሩፕ ይነገር። ሐሰቱን ዝም ብሎ መሰረዝ «ሊደብቁን ነው» የሚል ሌላ ወሬ ይወልዳል።

አራተኛ፣ የሰው ስም፣ ፎቶግራፍና መኖሪያ ቤት ከክስ ጋር ተያይዞ ከተለጠፈ ማጣራት ሳይጠበቅ ወዲያው ይነሳ። የፕሮፌሰር መዓረግ ጉዳይ የሚያስጠነቅቀን ይህንኑ ነው።

አምስተኛ፣ በእጅ ያለውን መሣሪያ መጠቀም ይገባል። ቴሌግራም በውጥረት ጊዜ የመልእክቶችን ፍጥነት ለመገደብና አዲስ አባል በአስተዳዳሪ ፈቃድ ብቻ እንዲገባ ለማድረግ ያስችላል። ግሩፑን የሚያግዙ ቦቶችንም ማንኛውም ዕውቀቱ ያለው ወጣት መሥራት ይችላል፤ ነገር ግን ማን እንደሠራው ላልታወቀ ቦት የአስተዳዳሪነት ሥልጣን መስጠት የቤትን ቁልፍ ለማያውቁት መንገደኛ እንደማስረከብ ነው።

ይህ ሁሉ ከኩባንያዎች ወይም ከመንግሥት ላይ ኃላፊነትን አያነሳም። ጥፋተኛን መጠየቅ የሕግ፣ የክልሉን ሕዝብ ቋንቋዎች የሚያውቁ ሠራተኞችን መቅጠርም የኩባንያዎች ግዴታ ሆኖ ይቀጥላል። አገር «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ሲል ቢተርትም፣ ማጣራት በተረት ብቻ አይሆንም፤ ተራ የገባለት ሰው፣ የሚደወልበት ስልክና የተስማሙበት ደንብ ይፈልጋል። ሦስቱንም ዛሬ በአንድ የቀበሌ ግሩፕ ውስጥ መጀመር ይቻላል፤ የሚጀመረውም ውጥረት ሳይመጣ፣ ጎረቤትና ጎረቤት ተቀምጠው መነጋገር በሚችሉበት በሰላሙ ጊዜ ቢሆን ይመረጣል።