ሶፍትዌር የሚያሠራ ነጋዴ ውሉን አስቀድሞ ያጥብቅ

በጅግጅጋ የቁም እንስሳት ገበያ ገዢና ሻጭ ያለ አገናኝ ሲደራደሩ ብዙም አይታይም። በመካከላቸው ደላላው አለ። ዋጋው በጨርቅ ሥር በጣት ይነገራል። እንስሳው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቀው ያው ደላላ ነው። ገዢው ግመሉ ከየት እንደተነዳ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ሻጩ ቢለወጥም ሥራው አይስተጓጎልም።

ይህንን የኖረ ብልሃት ነጋዴዎቻችን ኮምፒዩተር ላይ ሲደርሱ ለምን ይረሱታል?

ዛሬ ሽያጩን፣ የዕቃ ቆጠራውንና የዱቤ መዝገቡን በኮምፒዩተር የሚይዝ ነጋዴ ብርቅ አይደለም። እንደ ፒችትሪ ያለ የተዘጋጀ ፕሮግራም የሚጠቀም አለ፤ ለባለሙያ ከፍሎ የራሱን የሚያሠራም አለ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው።

አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ እናስብ። ፕሮግራሙ የተሠራው በማይክሮሶፍት አክሰስ ነው። የሽያጩ መስኮት፣ የዱቤው መስኮት፣ የወር ሪፖርቱ ሁሉም በየፊናቸው መረጃ ቋቱ ውስጥ ገብተው ሠንጠረዡን በቀጥታ ይነካሉ። ሥራው ሲሰፋ ቶጎ ውጫሌ ላይ ሁለተኛ መደብር ይከፈታል። አክሰስ ደግሞ በአንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ አይዝም፤ በሁለት ከተማ ያሉ መደብሮች በአንድ ጊዜ እንዲሠሩበትም የታሰበ አይደለም። ስለዚህ ወደ ማይኤስኪውኤል ወይም ወደ ኤስኪውኤል ሰርቨር መዛወር ግድ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ሁሉም የሚናገሩት ኤስኪውኤል የሚባለውን ቋንቋ ቢሆንም ዘዬአቸው ይለያያል። የቀን አጻጻፋቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሽያጮች አምጣ ለማለት አንዱ «ቶፕ» ሲል ሌላው «ሊሚት» ይላል። እነዚህ ትእዛዞች በየመስኮቱ ተበትነው ከሆነ የባለሙያው መልስ «እንደገና ይሠራ» ነው። ነጋዴው ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼ ነው።

መፍትሔው በፕሮግራሙና በመረጃ ቋቱ መካከል አንድ ደላላ ማቆም ነው። ባለሙያዎች የመረጃ መዳረሻ ክፍል ይሉታል። የሽያጩ መስኮት «ይህን ሽያጭ መዝግብ»፣ የዱቤው መስኮት «የዚህን ደንበኛ ቀሪ ዕዳ አምጣ» ብሎ ይጠይቃል። መረጃው የት እንደተቀመጠና በየትኛው ዘዬ እንደሚጠየቅ የሚያውቀው መካከለኛው ክፍል ብቻ ነው። የመረጃ ቋቱ ሲለወጥ የሚነካውም እርሱ ብቻ ይሆናል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 የሠንጠረዥ መረጃ ቋትን ንድፈ ሐሳብ ሲያቀርብ ዋና ጭንቀቱ ተጠቃሚው መረጃው በማሽኑ ውስጥ እንዴት እንደተደረደረ ለማወቅ እንዳይገደድ ነበር።

ለእኛ ሌላም ጥቅም አለው። የመረጃ ቋቶቹ የቀን ሣጥን 13ኛ ወር አያውቅም፤ ጳጉሜን ብትሰጡት አይቀበልም። የኛ ነጋዴ ግን ብዙውን ጊዜ ሒሳቡን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ተቀምጦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታይ ማድረግ የመካከለኛው ክፍል ሥራ ሊሆን ይችላል። ስሌቱ በአንድ ቦታ ከተሠራ ስሕተቱም በአንድ ቦታ ይታረማል። በየመስኮቱ ከተሠራ ግን ሁለት ሪፖርቶች ሁለት የተለያየ ቀን ይዘው ይወጣሉ።

ደላላው ዋስም መሆን አለበት። ሲሚንቶ በዱቤ ሲወጣ ክምችቱ ይቀንሳል፣ የደንበኛው ዕዳ ይጨምራል። መብራት በመካከል ቢጠፋ ወይ ሁለቱም ይጸድቃሉ ወይ ሁለቱም ይሰረዛሉ። አንዱ ብቻ የሚመዘገብበት አሠራር ከወረቀት ደብተር የባሰ ነው፤ ሲሚንቶው ወጥቶ ባለዕዳው አይታወቅምና።

«ደላላ ኮሚሽን ይበላል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሥራው ቀናት ይጨምራል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። አንድ ሰው ለሚሠራባት አነስተኛ ሱቅ አይመከርም፤ ኤክሴል ይበቃታል። ለዓለም የመረጃ ቋት ሁሉ የሚሆን ክፍል እሠራለሁ የሚል ባለሙያም አያስፈልግም፤ በደላላ ላይ ደላላ ሲደራረብ ትርፉ መዘግየት ነው። ንግዱ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ብቻ የሚያስተናግድ ይበቃል። ሁለተኛ መደብር ለመክፈት የሚያስብ ነጋዴ ግን ይህንን ወጪ መሸሽ የለበትም።

እንግዲህ ከመፈረምዎ በፊት አራት ነገሮች በውሉ ይስፈሩ። አንደኛ፣ የኤስኪውኤል ትእዛዞች ሁሉ ከአንድ ክፍል ውጪ እንዳይጻፉ። ሁለተኛ፣ የክፍሉ አገልግሎቶች በንግዱ ቋንቋ እንዲሰየሙ። ሦስተኛ፣ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ፕሮግራሙ በሌላ የመረጃ ቋት ላይ በፊትዎ ተሞክሮ እንዲሠራ። አራተኛ፣ የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍና የመረጃው ሙሉ ቅጂ በእጅዎ እንዲገባ።

ግመል የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይ ብር አይቆጥርም። የዱቤ መዝገቡን ለኮምፒዩተር የሚያስረክብ ነጋዴም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊኖረው አይገባም።