መጤው ጊታር ወይስ መጤው ሐሳብ?



ሰሞኑን በመጠለያችን የተነሣውን ክርክር ያልሰማ የለም። በባህል ክፍላችን ያለው አሮጌ፣ ሆደ ባዶ የኤሌክትሪክ ጊታር ይሸጥና በገንዘቡ ባለ ሪትም ኪቦርድ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። የሐሳቡ ደጋፊዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ «ጊታር መጤ ነው፤ የእኛ ክራርና መሰንቆ ናቸው» ይላሉ። ሁለተኞቹ ደግሞ «ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው፤ አሮጌ ጊታር ግን በውጭ አገር ዋጋ ያወጣል» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ለአንድ ኪቦርድ እጃቸውን ማውጣታቸው ያስገርማል። ለመሆኑ መጤ የሚጠላ ሰው ስለ ምን ኪቦርድ ይገዛል? ኪቦርድ ከላሊበላ ዐለት ተፈልፍሎ ወጣ እንዴ?

ከሁሉ አስቀድሞ «መጤ» የሚለው ቃል እዚህ ጁባ ተቀምጠን ስንናገረው ምላሳችንን ሊከብደው በተገባ ነበር። እስቲ ታሪኩን እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ አዲስ አበባ አመጡ። ከእልቂት የተረፉ ስደተኞች ነበሩ፤ «አርባ ልጆች» ተባሉ፤ የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሰስ ናልባንዲያን ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት የኦርኬስትራ አስተማሪ ሆነ። እንግዲህ ዘመናዊ ሙዚቃችን የምንለው ነገር የስደተኛ እጅ አለበት። ስደተኛ የሠራውን እየሰማን አድገን፣ ራሳችን ስደተኞች ሆነን፣ አንድን ጊታር «መጤ» ብለን እናባርር?

ጊታሩስ ገብቶ ምን አደረገ? ክራሩን ገደለው? በ1969 አምሃ እሸቴ በመንግሥት ተይዞ የነበረውን የሸክላ ኅትመት መብት ደፍሮ የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ በእነዚያ ሸክላዎች ላይ የምንሰማቸው ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ነበሩ። ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር በ1975 ያወጣው «ኧረ መላ መላ» በ1986 ቤልጅግ ውስጥ ታትሞ ፈረንጁን ጉድ ያሰኘው፣ ጊታሩ እንደ ፈረንጅ ስለ ጮኸ ሳይሆን በእኛ ቅኝት ስለ ተናገረ ነው። መሣሪያው መጣ፤ ቅኝቱ ግን የእኛው ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ጊብሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1936 ኢ.ኤስ. 150 የተባለውን ሆደ ባዶ የኤሌክትሪክ ጊታር አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። በቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ማግኔት ከብረት ክሮቹ ሥር ይቀመጣል፤ ክሩ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፤ ማጉያው ያንን ያጎላዋል። ሣጥኑ ግን እንደ መሰንቆ ሆድ ባዶ ስለሆነ ድምፁን ራሱም ይጋራል። ተወዳጅነቱ እስከ ዛሬ ያልቀዘቀዘው በዚህ ነው፦ ከሽቦው ድምፅ ጋር የእንጨት ትንፋሽ ይሰማል። ከ1950 ወዲህ ፌንደር ድፍን ጊታር በብዛት አውጥቶ ገበያውን ቢወርረውም ሆደ ባዶው አልሞተም።

ነውር የለበትም አልልም። ድምፁ ከልክ በላይ ሲጎላ ከማጉያው የሚወጣው ድምፅ ሣጥኑን መልሶ ያርገበግበውና ያፏጫል። ጊብሰን በ1958 ኢ.ኤስ. 335ን ሲሠራ መሐሉን በእንጨት የደፈነው ይህን ለመቀነስ ነው። በእኛ ጠባብ አዳራሽ ግን ማን ያን ያህል ያስጮኸዋል? ከማጉያው ራቅ ብሎ መቆም፣ ቀዳዳውንም በጨርቅ መወተፍ ይበቃል። ሌላም እውነተኛ ትችት አለ፦ በአንገቱ ላይ የተተከሉት ብረቶች ድምፁን በእኩል ስለሚከፋፍሉት የዘፋኙን ቅላጼ ሁሉ አይከተሉም። እውነት ነው። መድኃኒቱም በጣት ክሩን ገፋ አድርጎ ማለስለስ ነው። ኪቦርዱ ግን ቁልፉ ቢገፉት የት ይሄዳል? ይህን ትችት የሚያቀርብ ሰው ኪቦርድ መምረጡ «ከእጅ አይሻል ዶማ» ነው።

ደግሞስ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ? ኪቦርዱ ባትሪ ከሌለው ድዳ ይሆናል። ሆደ ባዶው ግን ድምፁ ቢያንስም፣ ከክራሩ ጎን ተቀምጦ ለአንድ ክፍል ሰው ይበቃል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በታወጀው የሰዓት እላፊ የአዲስ አበባ ሌሊት ተዘጋ፤ ሙዚቀኞች ተሰደዱ፤ ትላልቆቹ ባንዶች ሳሱ፤ ውሎ አድሮም አንድ ኪቦርድ የዐሥር ሰው ቦታ ወሰደ። ያን ያመጣብን ችግር ነበር። እኛ ግን ማንም ሳያስገድደን በገዛ እጃችን ልናደርገው ነው! ኪቦርዱ ከበሮውንም ባሱንም ራሱ ይመታል፤ አንድ ልጅ ይጫወታል፣ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ያያሉ። ጊታር ግን ከበሮ መቺ ይፈልጋል፣ ክራር ይፈልጋል፣ ዘፋኝ ይፈልጋል። በመምህርነት ዘመኔ ያየሁት ነገር ቢኖር ሥራ ያልተሰጠው ልጅ እንደሚጠፋ ነው። በመጠለያ ውስጥ ደግሞ ሥራ መፍታት ከረኃብ ቀጥሎ ያለ ጠላታችን ነው።

ይህች አገር ራሷ ትምህርት ናት። የዛሬ አስተናጋጆቻችን በጦርነቱ ዘመን ኢታንግ ውስጥ የእኛ እንግዶች ነበሩ። ሱዳናዊው መሐመድ ወርዲ በ1990 እዚያ ድረስ ሄዶ ዘፈነላቸው። በዘፈን የደነደነ የስደተኛ ልብ ምን እንደሚመስል ጎረቤቶቻችንን መጠየቅ ይቻላል።

ስለ ሽያጩም አንድ ቃል ልበል። በውጭ አገር ዋጋ የሚያወጣ ዕቃ ጁባ ገበያ ላይ ትርፉ ለነጋዴው እንጂ ለእኛ አይደለም። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን!

ስለዚህ የምለው ግልጽ ነው። ጊታሩ አይሸጥ። ከፀሐይና ከዝናብ ይጠበቅ፤ ሙጫው እንዳይለቅ፣ አንገቱም እንዳይጎብጥ። ለኪቦርዱ የታሰበው መዋጮ ለክርና ለሁለት ክራሮች ይዋል። ትምህርቱ በክራር ቅኝት ይጀመርና ወደ ጊታሩ ይሻገር። ኮሚቴው ድምፅ ሲያሰጥ መጥታችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ያልመጣ ሰው በኋላ ቢያማርር ማንም አይሰማውም።

አንድ መምህር
ጁባ