የቀኑ ፈረቃ የት ተቀበረ?

በላስታ ሲነገር የኖረ ነው፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሲፈለፈሉ ቀን ሰው የሠራውን ያህል ሌሊት መላእክት እጥፍ አድርገው ሲሠሩ ያድሩ ነበር። የሚያምነውም የሚጠራጠረውም ክርክሩ ሁሉ ስለ ሌሊቱ ሠራተኞች ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የቀኑ ፈረቃ ነው። መሮውን ይዞ ቀዩን ዓለት ሲጠርብ የዋለው፣ ፍርስራሹን በጀርባው ያወጣው፣ ለነዚህ ሁሉ እንጀራ የጋገረችው፣ ሞተው የት ተቀበሩ?

የንጉሥ ላሊበላ መቃብር ቤተ ጎልጎታ ውስጥ ነው ይባላል። የአዳም መቃብር የሚባለውም እዚያው አጠገብ ነው። አስጎብኚ ሁሉ ሁለቱን በቃሉ ያውቃቸዋል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሙታን ግን ስም የላቸውም።

ቀዩን ዓለት የጠረበው ደግሞ የአንድ ዘመን ሰው ብቻ አይመስልም። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአርኪዮሎጂ ጥናት የመሮውን ምልክት፣ ወለሉ ዝቅ ሲል አየር ላይ ተንጠልጥለው የቀሩትን በሮችና የትም የማያደርሱትን ደረጃዎች ተከትሎ፣ ሥራው በየምዕራፉ የተከናወነ መሆኑን አሳይቷል። አርኪዮሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን ደግሞ ቤተ መርቆሬዎስንና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን ከላሊበላ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት ያስቀድማቸዋል። በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ ምሁራን አሉ። እሱ ልክ ከሆነ ግን የቀኑ ፈረቃ ብዙ ትውልድ ነው፤ ያን ያህል ሰው ደግሞ ያለ መቃብር አይቀርም።

ከተማው ውስጥ ቀደምት የሚባል የቀብር ቦታ አለ። በ2010 እና በ2012 እ.ኤ.አ. የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ተካሂዶበት የመካከለኛው ዘመን መቃብሮች ተገኝተዋል፤ የመጀመሪያው ውጤትም ታትሟል። የታተመው በፈረንሳይኛ ነው። ባለሙያዎቹን አልወቅስም፤ ሥራቸውን በቋንቋቸው ጽፈዋል። የሚገርመኝ ከዚያ ወዲህ አንድ የአማርኛ በራሪ ወረቀት እንኳ አዘጋጅቶ ለላሊበላ ተማሪ ማድረስ የእኛ ሥራ መሆኑን መርሳታችን ነው። አጥንት ብዙ ይናገራል። በልጅነቱ ረኃብ ወይም ከባድ በሽታ ያገኘው ሰው ጥርሱ ላይ መስመር ይቀርበታል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሸክም የተሸከመ አከርካሪው ይመሰክርበታል። ይህን የትኛውም ገድል አይጽፈውም።

ቤተ ጊዮርጊስ ቁልቁል የወረደ ሰው በግቢው ግድግዳ ላይ የተቦረቦሩትን ጉድጓዶች ያያል። በአንዱ ውስጥ የደረቀ እግር ተዘርግቷል፤ ቆዳው ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ፣ ጣቶቹ እስከነጥፍራቸው። ተሳላሚው አማትቦ ያልፋል፣ ጎብኚው ስልኩን አስጠግቶ ያነሳል። በይምርሐነ ክርስቶስ ደግሞ አንድ ረድፍ እንጨት አንድ ረድፍ ነጭ ልስን እየተደረበ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ከፊት ቆሞ፣ ከኋላው በዋሻው ጨለማ ውስጥ የሙታን አፅም ተከምሯል። ከሩቅ አገር መጥተው እዚያው ያረፉ ተሳላሚዎች ናቸው ይባላል። የስልክ መብራት በራስ ቅሎቹ ላይ ሲመላለስ ማየት ያሳፍራል። የእናቱን መቃብር እንዲህ ቢያበሩበት ማን ዝም ይላል?

የሚያሰጋኝ ግን ከጎብኚው ይልቅ የመሠረት ቁፋሮው ነው። ከተማው እየሰፋ፣ ቤትና ሆቴል እየተተከለ ነው። ቆፋሪው አጥንት ቢያወጣ ሥራው እንዳይቆም ፈርቶ አፈሩን ቶሎ መመለስ ይቀለዋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሰው ሳያስበው ቅርስ ሲያገኝ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል፤ ነገር ግን አስታውቆ ሥራው ለወራት የሚቆምበት ባለቤት ማን ይደርስለታል? ይህ ካልተመለሰ አዋጁ ወረቀት ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖር የነበረው ነዋሪ ወደ ኩራኩር ሰፈር ሲዛወር፣ የትኛው የድንጋይ ክምር የማን እንደሆነ የሚያውቁት አዛውንቶችም አብረው ሄደዋል።

ካህናቱ ሙታን አይነኩ ቢሉ እውነት አላቸው፤ ሁሉም ይቆፈር የሚል የለም። መመዝገብ ግን ዶማ አይፈልግም። የእድሩ ጸሐፊ፣ መቃብር ቆፋሪውና አንድ የታሪክ መምህር አብረው ቢዞሩ በየደብሩ ያለውን የቀብር ቦታ በወረቀት ላይ ማስፈር ይችላሉ። የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ያንን ይዞ ለግንባታ ፈቃድ ሰጪው ቢያስተላልፍ፣ ቆፋሪው ዶማውን ከማንሳቱ በፊት ምን ላይ እንደቆመ ያውቃል። በኩራኩር ያሉት ሽማግሌዎች ደግሞ በዚህ ዓመት ቢጠየቁ ይሻላል።