ትንፋሽ የሚቆጠረው ለማን ነው?

የእኛ የከተሜዎቹ ትንፋሽ ተኝተንም ይቆጠራል። አፕል ዎች እጁ ላይ አስሮ የተኛ ሰው፣ ሌሊቱን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተነፈሰ ጠዋት ተነሥቶ ያነባል። ሥራውን የሚሠራው አክስለሮሜትር የሚባል የእንቅስቃሴ ሴንሰር ነው። ስልካችንን ስናዞር ስክሪኑን አብሮ የሚያዞረውም እሱው ነው። ስንተነፍስ ሰውነታችን በጥቂቱ ይነቃነቃል፤ ሴንሰሩ ያንን ይይዛል። ደስ ይላል። ግን አንድ ጤነኛ ወጣት 14 ጊዜ ይሁን 15 ጊዜ መተንፈሱን ቢያውቅ ምን ይለወጥለታል?

ቁጥሩ ሕይወት የሚወስነው ሌላ ቦታ ነው። በገጠር ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የሚያስለውን ሕፃን ደረት እያየች አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ከሆነ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። የሳንባ ምች ነው ተብሎ አሞክሲሲሊን ይታዘዝለታል። ሕፃን ግን ያለቅሳል፣ ይንፈራገጣል፤ ዓይንም ይስታል። 47 ነው ወይስ 52? መድኃኒቱ የተንጠለጠለው በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

ሴንሰሩ እዚህም ተሞክሯል። ፊሊፕስ የሠራው ቻርም የተባለ መሣሪያ በሕፃኑ ሆድ ላይ በቀበቶ ይታሰርና ትንፋሹን በአክስለሮሜትር ይቆጥራል። በአገራችንም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ ተፈትኗል።

«መጀመሪያ መድኃኒቱ ይሟላ» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ትክክለኛ ቁጥር ማንንም አያድንም። ነገር ግን የተሳሳተ ቁጥርም ያለውን መድኃኒት ለማያስፈልገው ሰጥቶ የሚያስፈልገውን ባዶ እጁን ይመልሳል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው መሄድ አለባቸው ባዮች ነን። መሣሪያው ተአምረኛ አይደለም። የሚንፈራገጥ ሕፃን ሴንሰሩንም ያሳስተዋል፤ ባትሪውም ቻርጅ ይፈልጋል። የሠራተኛዋን ዓይን ያግዛል እንጂ አይተካም።

እናንተ ኮድ የምትጽፉ፣ ሶደር የምታደርጉ ወዳጆቻችን ሆይ! ሴንሰሩ በየኪሳችን አለ። የቀረው ከመብራት ርቆ የሚሠራ፣ ሲበላሽ ወረዳ ላይ የሚጠገን መሣሪያ ማድረግ ነው። የቀጣዩ የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ ርዕስ ከጠፋባችሁ፣ ይኸውላችሁ።