እንግሊዝኛችንን እናሻሽል፤ የበዓል፥ የሠርግና የጨዋታ ቃላት

አንባቢዎች ሆይ፤ ባለፈው ጊዜ ስለ መሥሪያ ቤት ቃላት ተነጋግረን ነበር። ዛሬ መዝገቡን ዘግተን ወደ በዓልና ወደ ሠርግ ቤት እንሂድ። ይህ ትምህርት ለመዝናናት ያህል ብቻ የቀረበ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ከሥራው ቃል ይልቅ የሚያሳስተው የደስታው ቃል መሆኑን ቀጥሎ ያየዋል። «ሳላሪ» ማለት ደመወዝ ነው፤ «ሲግኔቸር» ማለትም ፊርማ ነው፤ በዚህ ማንም አይሳሳትም። «በዓል»፥ «ግብዣ»፥ «ጨዋታ» የሚሉት ቃላችን ግን ሰፋፊዎች ናቸው። እንግሊዞች እያንዳንዱን ለሦስትና ለአራት ከፍለው ስለሚጠሩት፥ መዝገበ ቃላቱን ገልጦ መጀመሪያ ያገኘውን የሚጽፍ ሰው ያልፈለገውን ነገር ተናግሮ ይገኛል።

ለምሳሌ እንዲሆነን ወደ ፎገራ ሜዳ እንውረድ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ወረታን አልፎ፥ አዲስ ዘመን ሳይደርስ ይፋግን ያገኛል። ይፋግ ዛሬ ትንሽ ከተማ ትሁን እንጂ በ19ኛው መቶ ዘመን በጎንደርና በጎጃም መካከል የሚመላለሱ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ፎገራ ደግሞ በዘመናችን የሩዝ አገር ሆኗል፤ በወረታም የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ስላለ፥ የውጭ አገር ባለሙያ ወደዚያ ብቅ ማለቱ የሚያስገርም አይደለም። እንግዲህ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ወጣት ሠራተኛ እኅቱን ይፋግ ላይ ሊድር ነው እንበል። አንዱን የሩዝ ባለሙያ ለመጥራትም በእንግሊዝኛ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«ፕሊዝ ካም ቱ ማይ ሲስተርስ ማሪጅ ኢንቪቴሽን ኦን ጥር 18 አት ሴቨን ኦክሎክ።»

ሰዋስዉን ብታዩት ብዙ ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን እንግዳው በዚህ ወረቀት ተመርቶ ሠርጉን ቢያገኘው ተአምር ነው። ምክንያቱን አንድ በአንድ እንመልከት።

«ማሪጅ» ጋብቻ ነው፤ ይኸውም ባልና ሚስት ዕድሜያቸውን ሁሉ የሚኖሩበት ኑሮ ነው። ዳስ የሚጣልበት፥ ሙሽራው የሚታጀብበት ቀን «ዌዲንግ» ይባላል። ሠርግ የአንድና የሁለት ቀን ነው፤ ጋብቻ ግን እግዚአብሔር ከፈቀደ ሃምሳ ዓመት ይቆያል። «ኢንቪቴሽን» የሚለውንም ወጣቱ ያገኘው «ግብዣ» ከሚለው ቃል ነው። በእኛ አፍ ግብዣ ማለት ጥሪውም ነው፥ የሚበላውና የሚጠጣውም ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ኢንቪቴሽን» ጥሪው ብቻ ነው፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ኪሱ የከተተ ሰው ኢንቪቴሽኑን ጨርሷል። ድግሱ ሌላ ስም አለው። ሥጋና ጠላ ሞልቶ የተትረፈረፈበት ከሆነ «ፊስት»፥ መንግሥት ወይም ትልቅ ድርጅት በአዳራሽ ሲያደርገው «ባንኬት»፥ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዳ የሚስተናገድበት «ሪሴፕሽን»፥ ወዳጆች ተሰብስበው የሚጫወቱበት «ፓርቲ» ይባላል። ስለ «ፓርቲ» አንድ ነገር ልጨምር። ይኸው ቃል የፖለቲካ ማኅበርም ነው፤ በውል ወረቀት ላይም «ፈርስት ፓርቲ» ሲል አንደኛው ተዋዋይ ወገን ማለት ነው። በውል ላይ ያገኘውን ፓርቲ ጭፈራ ነው ብሎ የሚተረጉም ጸሐፊ አለቃውን ያስቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ያስቆጣል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሰዓቱ ነው። ወጣቱ ሰባት ሰዓት ሲል ከቀኑ ሰባት ሰዓት ማለቱ ነው፤ ፈረንጁ «ሴቨን ኦክሎክ» ሲያነብ የሚያስበው የእኛን አንድ ሰዓት ነው። ጠዋት መስሎት በማለዳ ቢመጣ ሴቶቹን ወጥ ሲያማስሉ ያገኛቸዋል፤ ማታ መስሎት ከመሸ ቢመጣ ሙሽራይቱ ሄዳለች። በመካከሉ ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ስለ ሆነ የእኛ ሰባት የእነርሱ «ዋን ኦክሎክ ኢን ዚ አፍተርኑን» ነው። ቀኑም እንደዚሁ ነው። ጥር 18 «ጃንዋሪ 26» ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን አንድ ቀን ገፋ ብሎ «ጃንዋሪ 27» ይሆናል። ለውጭ አገር ሰው ቀን ስትጽፉ ሁልጊዜ የዚያን ዓመት የሁለቱን ዘመን አቈጣጠር አስተያዩ።

እንግዲህ ወረቀቱ እንዲህ ይቃና፦

«ፕሊዝ ካም ቱ ማይ ሲስተርስ ዌዲንግ ኢን ይፋግ ኦን ጃንዋሪ 26፥ አት ዋን ኦክሎክ ኢን ዚ አፍተርኑን። ዜር ዊል ቢ ኤ ፊስት አፍተር ዘ ሴሬሞኒ።»

«ሴሬሞኒ» ማለት ሥርዐቱ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ተክሊል፥ የምርቃቱ፥ የቀለበቱ ሁሉ። ሦስቱን ትንንሽ ቃላትም ልብ በሉ፦ ለሰዓት «አት»፥ ለቀን «ኦን»፥ ለወርና ለዓመት «ኢን»። በእንግሊዞች የጥሪ ወረቀት ግርጌ «አር ኤስ ቪ ፒ» የሚሉ አራት ፊደሎች ብታዩ ቃሉ የፈረንሳይኛ ምሕጻር ነው፤ «መምጣትዎንና አለመምጣትዎን ያስታውቁን» ማለት ነው። በእኛ አገር የተጠራ ሰው መልስ ሳይልክ ሁለት ወዳጆች አስከትሎ ቢመጣ ዳሱ አይጠበውም። እዚያ ግን ወንበሩም ሳህኑም በቈጠራ ነውና፥ በዚህ ምልክት ተጠርታችሁ ዝም ብትሉ እንደ ንቀት ይታይባችኋል።

አሁን «በዓል» ወደሚለው እንለፍ፤ ለመንግሥት ሠራተኛ ብዙ የሚያስከትለው ይኸኛው ነው። ሕግ ደንግጎት መሥሪያ ቤት የሚዘጋበት ቀን «ፐብሊክ ሆሊዴይ» ይባላል። «ሆሊዴይ» ብቻውን ግን በብሪታንያውያን አነጋገር የዕረፍት ፈቃድ ወይም የሽርሽር ጊዜ ነው፤ አሜሪካውያን ይህንኑ «ቬኬሽን» ይሉታል። ስለዚህ የመስቀል ዕለት «አይ አም ኦን ሆሊዴይ» ብሎ ለአንድ የብሪታንያ ድርጅት መልእክት የሚልክ ሰው፥ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ርቄ ሄጃለሁ ማለቱ ስለሚሆን፥ ወረቀቱን ለሌላ ሰው አስተላልፈውበት ያገኛል። ማለት የሚገባው «ቱዴይ ኢዝ ኤ ፐብሊክ ሆሊዴይ» ነው።

የሃይማኖት በዓል ሲሆን «ፊስት» የሚለው ቃል ተመልሶ ይመጣል። ይህ አንባቢን ግራ ያጋባል፤ መብል አይደለም እንዴ ያልነው? መብልም ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ግን የተከበረ ቀን ማለት ነው፥ ባይበላበትም። ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል በ2006 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲያሰፍር በእንግሊዝኛ የሰጠው ስም «ኮሜሞሬሽን ፊስት ኦቭ ዘ ፋይንዲንግ ኦቭ ዘ ትሩ ሆሊ ክሮስ ኦቭ ክራይስት» የሚል ነው። ረጅም ነው፤ ነገር ግን ለተማሪ ጥሩ ልምምድ ይሆናል። «ኮሜሞሬሽን» መታሰቢያ፥ «ፋይንዲንግ» መገኘት ነው። ጥምቀትም በ2012 ዓ.ም. በዚያው መዝገብ ሲገባ «ኢትዮፒያን ኤፒፋኒ» ተባለ። «ባፕቲዝም» አለመባሉን አስተውሉ። «ባፕቲዝም» አንድ ሰው ሲጠመቅ የሚፈጸመው ምሥጢር ነው፤ ጥር 11 ቀን «ቱዴይ ኢዝ ባፕቲዝም» ብትሉት እንግዳው ክርስትና የሚነሣው ሕፃን የማን እንደ ሆነ ይጠይቃችኋል።

ታቦታቱ በምእመናን ታጅበው ወደ ውሃ ሲወርዱ የሚታየው ሰልፍ «ፕሮሴሽን» ነው። «ፓሬድ» አትበሉት፤ ፓሬድ የወታደርና የትምህርት ቤት ሰልፍ ነው። «ካርኒቫል» ማለትም አይስማማውም። ካርኒቫል በጥንተ ነገሩ የምዕራብ ክርስቲያኖች ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሥጋን ለመሰናበት የሚያደርጉት ፈንጠዝያ ነውና፥ ከእኛ ወገን የሚቀርበው ቅበላን ነው እንጂ ጥምቀትን አይደለም። ከተራን «ዚ ኢቭ ኦቭ ኤፒፋኒ» ማለት ይቻላል፤ «ኢቭ» ዋዜማ ነው። ቡሄ ሲሆን ከደጅ ደጅ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ለሚሉት ልጆች ትክክለኛ ስም የለም፤ ነገር ግን እንግሊዞችም በገና ሰሞን ከቤት ቤት እየዞሩ የሚዘምሩ «ካሮል ሲንገርስ» ስላሏቸው፥ በዚያ መስላችሁ ብትነግሯቸው ፈጥነው ይገባቸዋል።

የሀገር መታሰቢያ በዓል «አኒቨርሰሪ» ነው፤ በየዓመቱ የሚመለስ ማለት ነው። ሃያ አምስተኛው «ሲልቨር ጁቢሊ»፥ መቶኛው «ሴንተነሪ»፥ ሺኛው «ሚሌኒየም» ይባላል። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የተጫነበት 25ኛ ዓመት ሲከበር፥ በሲልቨር ጁቢሊው ነበር። የዐድዋ ድል ሴንተነሪ የተከበረው የካቲት 23 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው። ሚሌኒየም የሚለውን ደግሞ 2000 ዓ.ም. ካስተማረን ወዲህ ማንም አልረሳውም።

ወደ ይፋጉ ሠርግ እንመለስና እንግዳውን ዳስ ውስጥ እናስገባው። ወጣቱ እንግዳውን ለማጫወት ፈልጎ አጠገቡ ተቀመጠና «ሌት አስ ፕሌይ» አለው። ፈረንጁ ኳሱ የት እንዳለ በዐይኑ ይፈልጋል! በአማርኛ ጨዋታ ወግ ነው፥ ቀልድ ነው፥ ገበጣ ነው፥ ኳስም ነው። «ፕሌይ» ግን ወግን አይጨምርም፤ ወግ ለመጀመር «ሌት አስ ቶክ» ወይም «ቻት» ማለት ይበቃል። «ፕሌይ» የሚያገለግለው ለኳስ፥ ለካርታ፥ ለልጆች ጨዋታና ለሙዚቃ መሣሪያ ነው። ስም ሆኖ ሲመጣ ደግሞ በመድረክ የሚታይ ድራማ ነው። በ1927 ዓ.ም. በተመሠረተው በሀገር ፍቅር ቴአትር የሚታየው ሥራ «ፕሌይ»፥ ቤቱ «ቲየተር»፥ በአዳራሹ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ባንድነት «ኦዲየንስ» ነው። የኳስ ተመልካች ግን «ስፔክታተር»፥ ለጸሎት የተሰበሰበው ሕዝብ «ኮንግሪጌሽን»፥ የሠርግ ታዳሚ «ጌስት» ነው። እኛ ለብዙዎቹ «ተመልካች» ብለን እናልፋለን።

አዝማሪውም መጣ። መሰንቆውን ሲመታ «ሂ ኢዝ ፕሌይንግ ዘ መሰንቆ»፥ ሲዘፍን «ሂ ኢዝ ሲንጊንግ»፥ ሰው ተነሥቶ እስክስታ ሲወርድ «ዴይ አር ዳንሲንግ» ይባላል። አማርኛው «ዘፈን» ብሎ ድምፁንም ውዝዋዜውንም አንዳንድ ጊዜ ባንድነት ይጠራዋልና ይህን መለየት አትርሱ። ለመሰንቆ የሚቀርበው የእንግሊዝኛ ስም «ፊድል» ነው፤ ባለ አንድ ክር መሆኑን መጨመር ነው። የክራር ስም በመዝገበ ቃላት «ላየር» ነው። እኔ ግን አልመክራችሁም፤ ውሸታም የሚለውም ቃል ሲነገር ድምፁ «ላየር» ስለ ሆነ፥ ባለ ክራሩን ሳታስቡት ትሰድቡታላችሁ። ክራርን ክራር በሉት። «መልስ» እና «ሚዜ»ም በስማቸው ይቅሩ። «ቤስት ማን» የሚባለው አንድ ሰው ነው፤ የእኛ ሙሽራ ግን ሚዜዎቹ ብዙ ናቸው። «መልስ ኢዝ ዘ ሰከንድ ፊስት፥ ጊቭን ባይ ዘ ብራይድስ ፋሚሊ» ብላችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብታስረዱ፥ እንግዳው ቃሉንም ነገሩንም ይዞ ይሄዳል። ስሙን በሌላ ስም ለውጣችሁ ብትነግሩት ግን የራሱን አገር ሠርግ አይቶ እንደ ተመለሰ ይቈጥረዋል።

እንግዳው ሲሰናበት ወጣቱ «ዋዝ ኢት ፈኒ?» ብሎ ጠየቀው። ደስ ይል ነበር ወይ ማለቱ ነው። ነገር ግን ደስ የሚል «ፈን» ነው፤ «ፈኒ» የሚያስቅ ወይም ግራ የሆነ ነው። የሰው ሠርግ ፈኒ ነበር ማለት መሳለቅ ነው። «ዲድ ዩ ኢንጆይ ዮርሰልፍ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለው ነበር፤ «ኢንጆይ» ብቻውን አይቆምምና «ዮርሰልፍ»ን አትተዉባት። እንግዳውም ለሙሽሮቹ «ኮንግራቹሌሽንስ» ይላል፤ ይህ የእኛ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ነው። «እንኳን አደረሳችሁ» ሲሆን ግን ቃሉ ሌላ ነው፦ «ሃፒ ኒው ይር»፥ «ሜሪ ክሪስማስ»፥ «ሃፒ ኢስተር»። ለፋሲካ «ኮንግራቹሌሽንስ» የሚባለው ሰው ምን ሹመት እንዳገኘ ይጨነቃል። «እንኳን አብሮ አደረሰን» ለማለት «ዘ ሴም ቱ ዩ» ይበቃል።

ለልምምድ እነዚህን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፤ የእኛን መልስ በሚቀጥለው ጊዜ እናወጣለን።

ነገ በዓል ስለ ሆነ መሥሪያ ቤታችን ይዘጋል።

የወንድሜ ሠርግ በመጪው እሑድ ከቀኑ በስድስት ሰዓት ነው።

ትናንት ማታ ከአዝማሪው ጋር ስንጫወት አመሸን።