ቀባሪው ሞልቶ ጧሪው ጎደለ

«ካረጁ አይበጁ» የሚለውን አነጋገር ከልጅነታችን ጀምረን ስንሰማው ኖረናል። ይህን ያወጣው ሰው በዚያን ጊዜ ገና ጎልማሳ እንደነበረ አያጠራጥርም። እኛ ግን ተማሪዎች ነንና የሰማነውን ከመድገም በፊት መመርመር ይገባናል። ለመሆኑ በአገራችን ገጠር ያረጀ ሰው የማይበጅ የሚሆነው ስላረጀ ነውን? ወይስ ያልበጀው ሌላ ነገር አለ?

በእኛ አስተያየት ሽማግሌውን ከእርሻው፣ አሮጊቲቱን ከጓዳዋ የሚያስወጣው የዓመታት ብዛት ብቻ አይደለም። ሊድን ሲችል ያልታከመ ዓይን፣ ማንም ያልለካው የደም ግፊት፣ የማይታጠፍ ጉልበት፣ ጥርስ የለሽ አፍ፣ ሰው የጠፋበት ቤት ነው። ይህ ሁሉ «እርጅና ነው» በሚል አንድ ቃል ተጠቅልሎ ይታለፋል። የታመመው ራሱም ቃሉን ተቀብሎ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት ጤናማ እርጅና ማለት ከበሽታ ፈጽሞ መጽዳት ሳይሆን ሰው የሚወደውንና የሚገባውን ነገር ማድረግ የሚያስችለውን አቅም ጠብቆ መኖር ነው ብሏል። ወደ እኛ አገር ስናመጣው፦ ሽምግልና መቀመጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ መመለስ፣ ገበያ ወጥቶ ከወዳጅ ጋር መጨዋወት፣ የልጅ ልጅ ማሳደግ ማለት ነው።

በ1999 ዓ.ም የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 73 ሚሊዮን ከ700 ሺህ ያህል ሕዝብ መዝግቧል። ዕድሜያቸው 60 የሞላና ያለፈ ከመቶ አምስት ገደማ ነበሩ። ቁጥሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ነው። ከመቶ 84 የሚሆነው ሕዝብ በገጠር ይኖር ስለነበር የአብዛኞቹ ቤት የት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ዕድሜ ረዝሟል። በ1982 ዓ.ም ገደማ የተወለደ ልጅ በአማካይ 47 ዓመት ያህል ይኖራል ይባል ነበር፤ ዛሬ ለሚወለደው የሚሰላው ከ65 በላይ ነው። በ66ቱ ድርቅ ጊዜ ጎረምሳ የነበረው ገበሬ አሁን ወደ 70 ተጠግቷል ወይም አልፏል። የ77ቱንም አሳልፏል። እነዚህን ሁለት ዘመናት ተሻግሮ የመጣ አካል አሁን ሊታሰብለት አይገባምን?

ነገር ግን ያልተቈጠረ አይታሰብለትም። በየጊዜው የሚደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሴቶችን ከ15 እስከ 49፣ ወንዶችን ከ15 እስከ 59 ዓመት ያሉትን ይጠይቃል። አንዲት የገጠር ሴት 50 ዓመት ሲሞላት ከጥያቄው ወጣች ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ላይ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ 69 ላይ አቁሟል። የ75 ዓመቱ አዛውንት የደም ግፊታቸው ስንት እንደሆነ የመዘገበው የለም። ዕድሜያቸውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ በግምት ነው፤ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም ነውና።

እዚህ ላይ የመንግሥትን የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ለማንቋሸሽ የተነሣን የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ተሳስቷል። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞች አሠልጥኖ ከቤት ወደ ቤት እንዲዞሩ ማድረግ ታላቅ ሥራ ነበር። በ1992 ዓ.ም ከአንድ ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በዚህ ውስጥ የእነዚህ ልጃገረዶች እግር ድርሻ አለበት። የምንጠይቀው ሌላ ነው። ሠራተኛዋ ለእናቲቱና ለሕፃኑ ወደ ቤት ስትገባ አያቲቱ እዚያው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። አልፋቸው ትሄዳለች። መዝገቧ ስለ እሳቸው ብዙም አይጠይቃትምና።

አንድ ትንሽ ምሳሌ እንስጥ። በየቀበሌው መጸዳጃ ቤት እንዲቈፈር ብዙ ተደክሟል፤ ተቈፍሯልም። ይሁን እንጂ ጉልበታቸው የማይታጠፍላቸው ሽማግሌ እዚያ ገብተው እንዴት ይቀመጣሉ? ወድቀው ወገባቸውን ከሚሰበሩ ወደ ጓሮ መውጣትን ይመርጣሉ። ከዚያ በኋላ «አሮጌ ሰው ትምህርት አይገባውም» ይባላል። ትምህርቱ ገብቷቸዋል፤ ጉልበታቸው ነው ያልታዘዛቸው። መድኃኒቱ በቀዳዳው ግራና ቀኝ እጅ የሚይዝ ሁለት ጠንካራ እንጨት መትከል ነው። ዓይናቸው ለደከመ ደግሞ ከቤቱ ደጃፍ እስከ መጸዳጃው ገመድ መወጠር ነው። ይህ ዶላር አይጠይቅም፤ ባሕር ማዶ ሄዶ መማርም አይጠይቅም። አስቦ የሚነግር ሰው ብቻ ነው የጎደለው።

ከሁሉ የሚያሳዝነን የዓይን ነገር ነው። በ1998 ዓ.ም በአገሪቱ የተደረገው የዓይን ጤና ጥናት ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዕውር መሆኑን አሳይቷል። ከእነዚህ ግማሽ የሚሆኑት ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ነው። የዓይን ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ነው፤ የዓይኑን አካባቢ ብቻ አደንዝዞ፣ የጠቆረውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ መተካት ለሠለጠነ ሐኪም የደቂቃዎች ሥራ ነው። እንግዲህ በአንድ መንደር ካሉት ሁለት ዕውራን አንዱ ማየት ሲችል በጨለማ ተቀምጧል እንደ ማለት ነው። እሱን የሚመራ አንድ ልጅም ከትምህርት ቤት ቀርቷል።

ትራኮማ ደግሞ የባሰ ታሪክ አለው። በዓለም ላይ የዚህ በሽታ ሸክም ከሚከብድባቸው አገሮች የመጀመሪያዋ የእኛ ናት፤ በአማራ ክልል ደግሞ ይበረታል። በልጅነት ደጋግሞ የያዘው ዓይን ቆቡ ከውስጥ ይጠባሰስና በጎልማሳነትና በእርጅና ጊዜ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ፀጉሩ ብሌኑን ሲፍቅ ውሎ ሲፍቅ ያድራል። ሕፃናት በእቅፋቸው ስለሚውሉ ሴቶቹን ይበልጥ ያጠቃል። እናቶቻችን በአንገታቸው ያንጠለጠሉት ወረንጦ ጌጥ የሚመስለው የከተማ ልጅ አለ፤ ፀጉሩን የሚነቅሉበት መሣሪያ ነው። የተነቀለው ፀጉር ግን ተመልሶ ይበቅላል፤ ሲበቅልም ይወጋል። የታጠፈውን ቆብ የሚያቃናው አጭር ቀዶ ሕክምና ለዚሁ በሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ይሰጣል። ሳይታከሙ የሚቀሩት ግን ጥቂት አይደሉም። ምክንያቱን ብንጠይቅ መልሱ አንድ ዓይነት ነው፦ የሚወስደኝ የለም፤ ቤቱን የሚጠብቅልኝ የለም፤ ደግሞስ ከእንግዲህ ለስንት ቀን ዕድሜ?

ይህን የመጨረሻውን አነጋገር ማን አስተማራቸው? እኛው ነን።

የደም ግፊት ነገር እንደ ዓይን አይታይም። ሰውየው ደኅና ሲያርሱ ውለው በማግሥቱ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ይላል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ «ለክፏቸው ነው» ይላል፤ ወደ ጸበል ወይም ወደ አዋቂ ይወሰዳሉ። ክንድ ላይ ጠምጥሞ የሚለካ መሣሪያ ግን በየጤና ጣቢያው አለ። መድኃኒቱም በየቀኑ መዋጥ ያለበት መሆኑን የነገራቸው ከሌለ፣ ራስ ምታታቸው ሲተዋቸው ዳንሁ ብለው ያቋርጡታል።

ይህን ጉዳይ ገጠር ላይ ማሸነፍ እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ ከጃፓን እናምጣ። ናጋኖ በሚባለው ተራራማ ክፍለ ሀገር ሳኩ የተባለ የገጠር አካባቢ አለ። ዋካትሱኪ ቶሺካዙ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1945 እዚያ ወዳለ አነስተኛ ሆስፒታል ሄዱ። ገበሬው ወደ ሐኪም እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ መንደሩ እየወጡ ይመረምሩ ነበር። ገበሬው ንግግር እንደሚሰለቸው ሲያዩም ስለ በሽታ የሚያስተምር ተውኔት ጽፈው ሐኪሞቹና ነርሶቹ ራሳቸው ተጫወቱት። እ.ኤ.አ. በ1959 ያቺሆ በተባለ መንደር ሕዝቡ በየዓመቱ እየተመረመረ ጤናው የሚመዘገብበት ሥራ ተጀመረ። የዚያ አገር ሰው ለብርዱ ሲል በጨው የተቀመጠ አትክልት አብዝቶ ይበላ ነበርና በደም ሥር መበጠስ የሚሞተው ብዙ ነበር። በኋላ በክፍለ ሀገሩ በሙሉ ጨው የመቀነስ ዘመቻ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የናጋኖ ወንዶች ከጃፓን ወንዶች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ሆኑ። ሁሉም የአንድ ሐኪም ሥራ ነው አንልም፤ ጃፓንም በዚያን ጊዜ በለጸገች። ቢሆንም ሥራው ሲጀመር ጃፓን ከጦርነት የወጣች ድኻ አገር ነበረች፤ ተውኔት ለመጫወትም ብልጽግና አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዕድራችን እንምጣ። በእኛ አገር ሽማግሌ የሚመኘው «ጧሪ ቀባሪ» ነው፤ ሁለቱ ቃላት ተያይዘው ነው የሚነገሩት። ለቀባሪው ነገር እጅግ ጥሩ ድርጅት አለን። ድንኳን አለው፤ ድስት አለው፤ መቀመጫ አለው፤ የቀረበትንም ይቀጣል። አዛውንቱ ባረፉ ዕለት መንደሩ አንድ ሳይቀር ይወጣል። ጧሪው ግን ድርጅት የለውም። ልጆች ነበሩ፤ ዛሬ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዓረብ አገር ናቸው። ለዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ወደ ከተማ የሚያደርስ የመኪና ዋጋ ያጡ ሰው፣ ሲሞቱ ለለቅሶአቸው የሚወጣው ገንዘብ ያንን ደርሶ መልስ ደጋግሞ ይከፍል ነበር። ቀብሩ ይቅር ማለታችን አይደለም። ዕድሩ ከሚሰበስበው ላይ ጥቂቱን ለአባሉ በሕይወት ሳለ ቢያውለው ምን ይከለክለዋል? በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ችግረኞችን መርዳት ጀምረዋል፤ የገጠሩም ሊጀምር ይችላል።

መንግሥትም ከጨዋታው ውጭ አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ገንዘብ እንደሚመድብ ተጽፏል። ጡረታ የሚባለው ግን ለደመወዝተኛ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አርሶ ከተማውን ሲያበላ የኖረ ገበሬ 60 ሲሞላው የሚቀበለው ነገር የለም። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ከሚደርሰው ላይ ይኖራል፤ አራሹ ቅን ከሆነ። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ ድኾች ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል፤ ነገር ግን የምግብ እጥረት ባለባቸው ወረዳዎች ብቻ ነው። በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ ጤና መድን የሕክምናውን ዋጋ ያቃልላል። የመንገዱን ግን አይከፍልም፤ ለሽማግሌ ደግሞ የሚከብደው መንገዱ ነው።

«አገሪቱ ገና ሕፃናቷን አላዳነችም፤ ስለ ሽማግሌ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ክርክሩን አንንቀውም፤ ገንዘቡ አንድ ከረጢት ነውና። ይሁን እንጂ እናትየው ዓረብ አገር የሄደችበትን ሕፃን የምታሳድገው ማን ናት? አያቲቱ ካላየች የሚፈስሰውን የልጁን ዓይን ማን ያጥባል? ደግሞም ከላይ የቆጠርናቸው እንጨቱ፣ ገመዱ፣ ግፊት መለካቱ፣ ሽማግሌውን አጅቦ ጤና ጣቢያ ማድረሱ ከሕፃን አፍ የሚነጥቁት ነገር የለም።

እንግዲህ የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ምንድን ነው? በ1947 ዓ.ም በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር ይልክ ነበር። በ1957 ዓ.ም የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት አወጣው። እኛ የማንም ትእዛዝ ሳያስፈልገን በየክረምቱ ወደ ወላጆቻችን መንደር እንሄዳለን። ሄደንም ብዙውን ጊዜ ስልካችንን እየነካካን ክረምቱን እንጨርሳለን፤ ሽማግሎቹ የከተማ ወሬ ሲጠይቁን በአንድ ቃል እንመልሳለን።

በዚህ ክረምት የሚሆን ሐሳብ አለን። እያንዳንዱ ተማሪ በመንደሩ ማየት የተሳናቸውን ሽማግሎችና አሮጊቶች በአክብሮት ጠይቆ ይመዝግብ፤ ዓይናቸውን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ያሳይ፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ከተገኙ የሚሰጥበትን ቦታና ቀን ጠይቆ ራሱ አጅቦ ያድርሳቸው። ያላጠናነውን ሕክምና እንሥራ አላልንም። የሕክምና ተማሪዎችም ቢሆኑ ያለ መምህራቸው መድኃኒት እንዲሰጡ አንፈልግም። የምህንድስና ተማሪዎች ግን ሁለት እንጨት ለመትከል ፈቃድ አያሻቸውም። የሕግ ተማሪዎች መሬታቸውን በእኩል ለሰጡ አዛውንት ውሉን ምስክር ባለበት በጽሑፍ ያድርጉላቸው።

መምህራኖቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን። በሕክምና ትምህርታችን የሕፃናት ሕክምና ሰፊ ጊዜ አለው፤ ይገባዋልም። ስለ አረጋውያን የምንሰማው ግን በሌሎች ትምህርቶች መካከል ጣልቃ እየገባ ነው። ወደ ገጠር ለልምምድ ስንወጣ ቢያንስ አንዱን ሳምንት ለአረጋውያኑ ብቻ እንድናውለው ቢፈቀድ፣ የምናመጣው መዝገብ ለጥናት የሚጠቅም ይሆናል። 70 ዓመት ስላለፈው የገጠር ሰው የተጻፈው ትንሽ ነውና።

ለክረምቱ ሥራ የሚፈቅድ ተማሪ ስሙንና የሚሄድበትን ወረዳ ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ። የመመዝገቢያው ቅጽ ከፈተና በፊት ተባዝቶ በየማደሪያው ይታደላል።